«ከምድር ወደ ጨረቃ»፦ ቀልዱ ከቁጥሩ ውስጥ ነው ወይስ ከቁጥሩ ውጭ?

የዚህ የውይይት ክር መነሻ ጽሑፍ የእኔ ነው። ምላሾቹ 31 ስለደረሱ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመቸው ከላይ እስከ ታች እተርከዋለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ብቻ የእኛን ጨምሬያለሁ።

ያነሣሁት ሐሳብ አጭር ነበር። ዡል ቬርን በ1865 ያወጣው «ከምድር ወደ ጨረቃ» አስቂኝ ልቦለድ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ስለዚህ መጽሐፍ ወሬ ሲነሣ የምሰማው ሁለት ወገን ነው። አንዱ ፊዚክሱ ተሳስቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ሌላው አፖሎን ከመቶ ዓመት በፊት አየ ብሎ እንደ ነቢይ ያከብረዋል። ሁለቱም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ነው የሚያነቡት። እኔ ደግሞ የመጽሐፉ ሣቅ ያለው እዚያው ቁጥሮቹ ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ እርሳስና ወረቀት ይዞ ያላሰላ አንባቢ የቀልዱን ግማሽ ሳያገኘው መጽሐፉን ይዘጋል። ከተማችን ለዚህ ውይይት ትመቻለች። ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች ቋንቋቸውን ትተውልን ስለሄዱ አንጋፋዎቹ በፈረንሳይኛ፣ ወጣቶቹ በእንግሊዝኛ ያነቡታል። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ደግሞ ብዙ ቦታ የቆረጡና ቁጥር ያዛቡ ስለሆኑ ሁለቱ አንባቢዎች አንድ መጽሐፍ ይዘው አይደለም የሚከራከሩት።

ላላነበበ፦ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ባልቲሞር ያለው የመድፈኞች ክበብ ሥራ ይፈታል። ሊቀ መንበሩ ባርቢኬን ጨረቃ ላይ ጥይት እንተኩስ ይላል። ኮሎምቢያድ የተባለ 900 ጫማ ርዝመት ያለው መድፍ ፍሎሪዳ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ፈረንሳዊው ሚሼል አርዳን ከፓሪስ በቴሌግራም ጥይቱ ውስጥ ገብቼ እሄዳለሁ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ሰው ተሳፍሮ ይተኮሳል።

ምላሽ 1 ተስማማ፤ ማስረጃም ጨመረ። ከክበቡ አባላት ብዙዎቹ በጦርነት አካላቸውን ያጡ ናቸው፤ ቬርን ግን አያለቅስላቸውም፣ ይቆጥራቸዋል፦ ለአራት ሰው አንድ ሙሉ ክንድ አይደርስም፣ ለስድስት ሰው ሁለት እግር ብቻ ነው። ጸሐፊው ማስተን በእጁ ፈንታ የብረት ሜንጦ አለው። ጦርነትን የሚወቅሰው ስብከት ሳያወርድ፣ በሒሳብ ነው።

ምላሽ 2 በትሕትና ጠየቀች፦ ምዕራፍ 7፣ 8 እና 9 ማለትም ስለ ጥይቱ፣ ስለ መድፉና ስለ ባሩዱ የሚመክሩት ስብሰባዎች ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አይከብዱም ወይ? ምላሽ 3 ዝለሏቸው አለ። ምላሽ 4 እዚህ ላይ ተቆጣ። እነሱን መዝለል ማለት ዶሮ ወጥ አቅርቦ ዶሮውን ማውጣት ነው አለ። በእርግጥም ሻይና ሳንድዊች ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ማስተን መድፉ ቢያንስ ግማሽ ማይል ይርዘም ብሎ ሲጮኽ፣ ባርቢኬን ደግሞ በርጋታ ወደ 900 ጫማ ሲያወርደው ከማየት የበለጠ ምን ሣቅ አለ? ከአዲስ አበባ የገባ ተሳታፊ ምላሽ 4ን እርስዎ እያለ ሊያለዝበው ሞከረ፤ ሁለት ሦስት ሰው ወዲያው ድሬ ውስጥ አባትም አንተ እንደሚባል ነግረው አረጋጉት። (ይህ ከቁጥር ውጭ የተጻፈ ስለሆነ አልቆጠርኩትም።)

ከዚያ ሒሳቡ ጀመረ። ምላሽ 5 ስለ መድፉ ውስጥ ፍጥነት ነው። የባሩድ ጥጡ (በባሩድ ፈንታ የገባው የሚፈነዳ ጥጥ) ከ900 ጫማው ታችኛውን 180 ጫማ ይይዛል፤ ጥይቱ የሚገፋበት የቀረው 720 ጫማ፣ 219 ሜትር ገደማ ነው። አፈሙዙ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለርቀቱ እጥፍ ሲካፈል የመሬት ስበት 28,000 እጥፍ ይወጣል። መድፉ ውስጥ የሚቆየው በሴኮንድ አራት መቶኛ ብቻ ነው። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን የማሽላ ከረጢት በዚያች ቅጽበት 1,400 ቶን ይከብዳል። ሰውየውስ?

ምላሽ 6 ቬርን ይህን አልዘነጋም አለ። ከወለሉ ሥር ሦስት ጫማ ውኃ አለ፤ ተደራራቢ የሳንቃ ክፍልፋዮች በተራ እየተሰበሩ ውኃውን በቱቦ ወደ ላይ ያስወጡታል፤ ግፊቱም ይበርዳል። ምላሽ 7 ይህን በአንድ መስመር ዘጋው። ውኃው የሚሰጠው ተጨማሪ መንገድ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ219 ሜትር አንጻር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ብሎ ተረተበት። ቀጥሎም ብዙ ሰው የማያስበውን ነገር አነሣ፦ መድፉ ውስጥ ያለው አየር። የአፈሙዙ ስፋት 9 ጫማ ስለሆነ ከጥይቱ በላይ ያለው የአየር ዓምድ 1,300 ሜትር ኩብ፣ በክብደት አንድ ቶን ተኩል ይጠጋል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ነው የሚሄደው፤ ጥይቱ ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን አየሩ ሸሽቶ ለመውጣት ጊዜ የለውም። ከጥይቱ ጫፍ ላይ እንደ ግንብ ይቆለላል። ተሳፋሪዎቹ በታች ወለሉ፣ በላይ ይህ ግንብ ይጠብቃቸዋል።

ምላሽ 8 በንዴት መጣ። አንድ ሰው ሊስቅ የከፈተውን መጽሐፍ አስከሬን መርማሪ ጠረጴዛ ላይ አጋደማችሁት፤ አቦ ተዉን፤ ድመቷና ሽኮኮው ምዕራፍ ላይ ማን ያሰላል አለ። (ድመትና ሽኮኮ በጥይት ውስጥ ተደርገው ከሞርታር የሚተኮሱበት ሙከራ ነው። ጥይቱ ከባሕር ሲወጣ ድመቷ ደህና ነች፤ ሽኮኮው ግን የለም። በልታዋለች።) ብዙ ድጋፍ አገኘ። እኔ ግን እዚህ ላይ አልተስማማሁም፤ ምክንያቴንም የሰጠኝ ምላሽ 9 ነው።

ምላሽ 9 ከክሩ ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። ጸሐፊው የመድፉን ክብደት ከባዶ አስልቷል። መጽሐፉ መድፉ 68,040 ቶን ይመዝናል ይላል። ግድግዳው 6 ጫማ፣ የውስጥ ስፋቱ 9 ጫማ፣ ርዝመቱ 900 ጫማ ነው። በእንግሊዝ ጫማ፣ 30.48 ሴንቲ ሜትር ሲሰላ፣ ይዘቱ 7,206 ሜትር ኩብ ነው፤ ፈሰስ ብረት፣ መካኒኮቻችን ጊዛ የሚሉት፣ በሜትር ኩብ 7.2 ቶን ስለሆነ ወደ 52,000 ቶን ይወጣል። አይገጥምም። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ቬርን ተሳሳተ ብሎ ይሄዳል። እሱ ግን በጥንቱ የፈረንሳይ ጫማ፣ 32.48 ሴንቲ ሜትር፣ እንደገና ሞከረው። ይዘቱ 8,722 ሜትር ኩብ ሆነ። በ7.8 ሲባዛ 68,032 ቶን። ከመጽሐፉ ጋር የስምንት ቶን ልዩነት! አሜሪካዊ ነው የተባለው መድፍ በፓሪስ ጫማ የተለካ ነው ማለት ነው። ከዚያም የቀረውን ጉድለት አሳየ፦ 7.8 የተቀጠቀጠ ብረት ክብደት ነው፣ የፈሰሰ ብረት አይደለም። ዋጋውም ይመሰክራል፤ ፓውንዱ በ10 ሳንቲም ፍራንክ ተባዝቶ 13,608,000 ፍራንክ ይላል፤ ይህ የሚገጥመው ፓውንዱ ግማሽ ኪሎ ከሆነ ብቻ ነው። ቬርን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አስልቷል። የቀልዱ ጉልበት እዚህ ነው፤ የማይሆነውን ነገር የሚነግረን ደረሰኝ ይዞ ነው።

ምላሽ 10 በዚያው መንገድ ጥይቱን አሰላችና አልገጠመላትም። መጀመሪያ የታቀደው ክብ ጥይት አሉሚንየም፣ ስፋቱ 108 ኢንች፣ ግድግዳው 12 ኢንች፣ ክብደቱ 19,250 ፓውንድ ነው ተብሏል። በእንግሊዝ ኢንች 15 ቶን ገደማ ይወጣል፤ መጽሐፉ ግን ከ9 ቶን በታች ያደርገዋል። በፈረንሳይ ኢንች ደግሞ ይብስበታል። ምላሽ 9 ተመልሶ ትክክል ነሽ አለ፤ ሌላ ማብራሪያ አላቀረበም። ይህን ወድጄለታለሁ። ዋጋው ግን ይገጥማል፤ ፓውንዱ በ9 ዶላር 173,250 ዶላር። አሉሚንየም ያን ጊዜ የጌጥ ብረት ነበር። ዛሬ የድስት ብረት መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ መስመር ሌላ ጣዕም አለው።

ምላሽ 11 ብረት ስለማፍሰስ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከቃላቱ ያስታውቃል። መድፉ የሚፈሰው 1,200 ምድጃዎች ከበውት በአንድ ጊዜ ነው። ይህ ትክክል ነው አለ፤ አንዱ ምድጃ ቢዘገይ አስቀድሞ የረጋው ላይ ትኩሱ ሲደርስ አይዋሐድም፣ ስፌት ሆኖ ይቀራል፣ በተኩስ ጊዜም እዚያ ላይ ነው የሚፈነዳው። የመሐሉ ምሰሶ ከሸክላና ከአሸዋ ጭድ ተጨምሮበት መሠራቱም ልክ ነው፤ ጭዱ ሲቃጠል ለጋዝ መውጫ ይከፍታል። ቅርጹ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ ትንሽ እርጥበት ካለ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ብረት ወደ ላይ ይተፋዋል። ችግሩ ማቀዝቀዙ ላይ ነው። መጽሐፉ ውስጥ መድፉ ለሳምንታት ዝም ብሎ ይጠበቃል። እንዲህ ሲሆን ውጭው አስቀድሞ ይረጋል፤ ውስጡ ኋላ ሲኮማተር ከውጭው ይሳባል፣ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቶማስ ሮድማን ይህን ፈትቶታል፦ የመሐሉን ምሰሶ ክፍት አድርጎ ቀዝቃዛ ውኃ ያሳልፍበታል፤ ውስጡ አስቀድሞ ይረጋል፣ ውጭው እየተኮማተረ ያጠብቀዋል። በ1864 የፈሰሰው ባለ 20 ኢንች የሮድማን መድፍ 52 ቶን ገደማ ነበር። ሮድማን እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ስሙ ተጠርቷል፤ ዘዴው ግን ተረስቷል። ሌላም ጨመረ፦ ጊዛ ሲረጋ ከርዝመቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጥራል። ከ900 ጫማ 9 ጫማ ማለት ነው፤ ዓለቱና ምሰሶው አላላውስ ካሉት ዘጠኝ ጫማ ስንጥቅ ነው።

ምላሽ 12 ወደ ባሩዱ ወሰደን፤ የሻምበል ኒኮልን ስም ለማደስ። ኒኮል የብረት ጋሻ ሠሪ፣ የባርቢኬን ጠላት ነው። አይሆንም ብሎ አምስት ውርርድ ያስይዛል፤ አንባቢ ሁሉ ቅናተኛ አድርጎ ያየዋል። ሦስተኛው ውርርድ የባሩድ ጥጡ መድፉ ውስጥ ሲጨመር በገዛ ራሱ ይቀጣጠላል የሚል ነበር። በ1865 ይህን መፍራት ጤናማ ፍርሃት ነበር። ኬሚስቱ ሾንባይን የባሩድ ጥጥን በ1846 ካስተዋወቀ በኋላ በዓመቱ እንግሊዝ አገር ፋቨርሻም ያለው ፋብሪካ ፈንድቶ ሰው ጨርሷል። ጥጡን በሚገባ አጥቦ የሚያረጋጋውን ዘዴ እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኤብል ያስመዘገበው በ1865፣ ልቦለዱ በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። ለባርቢኬን 400,000 ፓውንዱ እያንዳንዱ 500 ፓውንድ በሚይዝ 800 ከረጢት ነው የገባው፤ ማስተን አጠገቡ ሲጋራ የሚያጨሱትን ሲያባርር መዋሉ የሚያስቀው ለዚህ ነው። ምላሽ 13 ውርርዱ በድምሩ 10,000 ዶላር ነው አለ፤ ምላሽ 14 አረመው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሺህ፣ ድምሩ 15,000።

ምላሽ 15 የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ ተሳፋሪዎቹ በሚተነፍሱት አየር ጉዳይ ቬርንን አመሰገነ። ፖታሲየም ክሎሬት ሲሞቅ ከክብደቱ 39 በመቶው ኦክስጅን ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ኦክስጅን ቢያስፈልግ 2.1 ኪሎ ክሎሬት፣ ለሦስት ሰው 6.4 ኪሎ ይበቃል። የሚተነፍሱትን መጥፎ አየር ደግሞ ኮስቲክ ፖታሽ ይውጠዋል። አፖሎ ላይ ያንን ሥራ የሠራው ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው። ማስተን ሊፈትነው ጥይቱ ውስጥ ስምንት ቀን ተዘግቶበት ሲወጣ ወፍሮ መውጣቱን ግን ኬሚስትሪ አያስረዳውም፤ እሱ የቬርን ነው።

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ትርጉም ዞረ። ምላሽ 16 ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሰዓቱን ምን ያድርገው አለች። መድፉ የሚተኮሰው ታኅሣሥ መባቻ በእነሱ ምሽት 10:46:40 ላይ ነው። እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው መባል ያለበት፤ አለዚያ አንባቢያችን ሊነጋጋ ሲል ይመስለዋል። ጉዞው 97 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ስለሆነ ድምሩ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ያርፋል፤ በእኛ ሰዓት 6 ሰዓት ተኩል አይደለም፣ 6 ሰዓት ድፍን። ያ ድፍንነት ቀልድ ነው፣ መጥፋት የለበትም። ጫማና ፓውንድ ወደ ሜትርና ኪሎ ይለወጡ ወይ ለሚለው ምላሽ 17 አይለወጡ፣ የግርጌ ማስታወሻ ይበቃል አለ። እኔም በዚህ ነኝ። 274.32 ሜትር የሚል መድፈኛ አያስቅም፤ 900 ጫማ የሚል ያስቃል።

ምላሽ 18 የነቢይነቱን ወገን ይዞ ገባ፤ ብዙ ገጣጥሟል። በታኅሣሥ 1968 አፖሎ 8 ሦስት ሰው ይዞ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ጨረቃን ሳያርፍባት ዞሮ ፓሲፊክ ላይ ወደቀ፤ የቬርንም ጥይት በ1870 በወጣው ተከታይ መጽሐፍ እንዲሁ ነው የሆነው። አርምስትሮንግም በሐምሌ 1969 ከአፖሎ 11 ሲመለስ በሬዲዮ ቬርንን አንሥቷል፤ መንኮራኩራቸው ኮሎምቢያ ነበር። ምላሽ 19 አንድ በአንድ ተመለሰበት፣ በጨዋ ቋንቋ። ኮሎምቢያድ የመድፉ ስም ነው፣ የጥይቱ አይደለም። ስሙም ትንቢት አይደለም፤ አሜሪካኖች ከ1811 ጀምሮ ኮሎምቢያድ የሚሉት መድፍ ነበራቸው። ፍሎሪዳም በሁለት የተለያየ ምክንያት ነው የተመረጠችው፦ ለናሳ ምሥራቁ ባሕር ስለሆነና የመሬት መሽከርከር ሮኬቱን ስለሚያግዝ፤ ለቬርን ጨረቃ ከአናት በላይ የምትሆነው ከምድር ወገብ እስከ 28 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው አገር ብቻ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ ያን የሚያሟሉት ፍሎሪዳና የቴክሳስ ጫፍ ናቸው፤ የሁለቱ ጠብ ራሱ አንድ ምዕራፍ ያስቃል። ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ 1,800 ጫማ ከፍታ ያለው ኮረብታ ብሎ ቬርን የጻፈው በእውን የለም፤ የግዛቱ ከፍተኛ ቦታ 345 ጫማ ነው።

እስከ 28 ዲግሪ የሚለውን ያነበበችው ምላሽ 20 ክሩን ወደ አገሩ አመጣችው። ድሬዳዋ 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ላይ ነች። ታዲያ መድፉ እዚህ ለምን አይቆፈርም? ቀልድ መስሏት የጻፈችው ቁም ነገር ሆነ። ምላሽ 21 አብራራው፦ ጨረቃ ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የምትወጣው እንደ ዘመኑ ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ተኩል ነው፤ ይህ በ18.6 ዓመት ይመላለሳል። 27 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው ጨረቃን በአናቱ ላይ የሚያያት ከዚያ ዙር ውስጥ በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ያለ ግን በየወሩ ሁለት ጊዜ። ባርቢኬን ይህች ቀን ካመለጠችን 18 ዓመት ከ11 ቀን እንጠብቃለን ብሎ ያስጨነቀው ሕዝብ ድሬ ላይ ቢሆን ኖሮ ከአናት በላይ የምትሆነውን ጨረቃ ለማግኘት ያን ያህል አይጠብቅም ነበር፤ የሚጠበቀው ወደ መሬት የምትቀርብበት ቀን ከዚያ ጋር እስኪገጥም ብቻ ነው። አንዱ የመሬት መሽከርከርም እዚህ በሴኮንድ 44 ሜትር ይበልጣል ብሎ ሊያክል ሲሞክር ምላሽ 22 አቆመው፤ መድፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚተኩስ የጎን ፍጥነት ለእሱ ትርፍ አይደለም፣ ለሮኬት እንጂ።

የት ይቆፈር ሲባል አንዱ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ አለ። ምላሽ 23 መለሰለት፤ የ2006ቱን፣ በእኛ የ1998ን ጎርፍ ለሚያስታውስ ከተማ ያ ቦታ መቀለጃ አይሆንም። ጽሑፉ አጭርና ከባድ ነበር፤ ያም ሰው ይቅርታ ጠይቆ አነሣው። ደግሞ በሥራውም አይሆንም፤ ሳቢያን በኩል ከተማው የሚጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፣ ከ270 ሜትር በላይ ሲወረድ ውኃ ማግኘት አይቀርም። ቬርን ለዚህ እውነተኛ የጉድጓድ ዘዴ ነው የሰጠው፦ ከባድ የኦክ እንጨት ቀለበት መሬቱ ላይ ይጣላል፤ ግንቡ በላዩ ይገነባል፤ ከሥሩ ሲቆፈር ቀለበቱ ከነግንቡ ይወርዳል። ሐረር ይሻላል ያሉም ነበሩ፤ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ መድፉ አናት ላይ ያለው አየር ይሳሳል። ምላሽ 24 ሐረር ከተነሣ ብሎ ወደ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሄደ። ገጣሚው በ1880 መጨረሻ ሐረር ሲገባ ከቤተሰቡ ያዘዘው ግጥም አልነበረም፤ ስለ ብረታ ብረት፣ ስለ ውኃ ሥራ፣ ስለ አናጢነት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ነበሩ። የቬርን ዘመን አንባቢ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ከዚህ ወዲያ ማሳያ የለም አለ፤ እውነት ነው። ስለ ቤቱ ሊቀጥል ሲል ምላሽ 25 ሐረር ውስጥ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤት ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው እንጂ እሱ የኖረበት አይደለም ብሎ ወደ ጨረቃ መለሰን።

ምላሽ 26 የቬርንን ትልቁን ስህተት ያነሣው ነው፤ ማንም ሳይጮህ ሁሉን ያሳመነ። በተከታዩ መጽሐፍ ሳተላይት የተባለው ውሻ ይሞታል፤ በመስኮት ይጥሉታል። (መስኮት ተከፍቶ ትንሽ አየር ብቻ ወጣ ይላል፤ የዚያን ጠባብ ክፍል አየር ክፍት መስኮት በጥቂት ሴኮንድ ይጨርሰዋል።) የውሻው ሬሳ ግን ወደ ኋላ አይቀርም፤ ከጥይቱ ጎን ጎን እየተጓዘ ይከተላቸዋል። ይህ ፍጹም ትክክል ነው። ነገር ግን ውጭ ያለው ውሻ ከጥይቱ ጋር እኩል ከሄደ፣ ውስጥ ያለው ሰውም እኩል ነው የሚሄደው፤ ወለል የሚረግጥበት ክብደት የለውም። መድፉን ከለቀቁባት ቅጽበት ጀምሮ ሊንሳፈፉ ይገባ ነበር። ቬርን ግን እስከ ሚዛኑ ነጥብ፣ የመሬትና የጨረቃ ስበት እኩል እስከሚሆንበት ድረስ፣ እንደ ሳሎን ያስቀምጣቸዋል፤ የሚንሳፈፉት እዚያ ብቻ ነው። መልሱ በመስኮቱ አጠገብ እያለፈ ነበር፤ አላየውም።

ምላሽ 8፣ ያ የተቆጣው፣ እዚህ ላይ ተመልሶ ይህ ግን የሚያምር ነው አለ፤ ቁጥሩ 27 ሆነ። ምላሽ 28 እንግሊዛዊው ደራሲ ዌልስ በ1901 ባወጣው የጨረቃ ልቦለድ ስበትን የሚከልል ማዕድን ፈጥሮ ከዚህ ሁሉ ጣጣ መዳኑን አስታወሰ፤ ቬርን ደግሞ በዚሁ ነቅፎታል፣ ያ ብረት ወዴት አለ ብሎ። የሮኬት አባቶች የሚባሉት ጽዮልኮቭስኪ፣ ጎዳርድና ኦበርት ሦስቱም በልጅነት ያነበቡት ቬርንን ነው፤ መድፉ እንደማይሆን ሲረዱ ወደ ሮኬት ሄዱ። ምላሽ 29 እስከ ዛሬ በመድፍ የተሞከረው ትልቁ በ1966 አሪዞና ላይ 180 ኪሎ ሜትር ሽቅብ መድረሱን ጨመረ።

ምላሽ 30 ስለ መዋጮው ነው፤ የባቡር ከተማ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ዓለም ሁሉ ለመድፉ ሲያዋጣ እንግሊዝ ምንም አትሰጥም፤ ስፔን 110 ሪያል ትሰጣለች፣ ሰበቧም የባቡር ሐዲዴን ልጨርስበት የሚል ነው። ለገሃር አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ምክንያት ሳይረዳላት አይቀርም አለ።

ምላሽ 31 ለምላሽ 20 የተጻፈ መመሪያ ነው፤ ጨረቃ በድሬ አናት ስታልፍ እንዴት እንደምትታይ። ሙሉ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ገደማ አናታችን አጠገብ የምትደርሰው በጥቅምትና በየካቲት ነው። ግቢ ውስጥ ንፋስ የማይገባበት ቦታ ይመረጥ። ግንበኛ የሚጠቀምበት ቱንቢ ከፍ ካለ ነገር ላይ ይንጠልጠል፤ ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን ከቱንቢው ጫፍ ሥር ያድርግና ክሩን ወደ ላይ ይከተል። ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው ጨረቃ ከክሩ ጫፍ ምን ያህል እንደራቀች ይመዝገብ፤ መለኪያው የራሷ ስፋት ነው፣ ግማሽ ዲግሪ። ክንድ ተዘርግቶ ትንሿ ጣት ሁለት ጨረቃ ትሸፍናለች። በአንዱ ሌሊት ስድስት ጨረቃ ያህል ብትርቅ ሰው አይዘን፤ በማግስቱ እንደገና ይተኛ።